የጡረታ ቅጹ ላይ የቱን ልምረጥ? ወርኃዊ አበል፣ የግል ሂሳብ ወይስ ጠቅላላ ገንዘብ

አይዳ ሜይ ፉለር አሜሪካዊት የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ለ3 ዓመት ያህል የጡረታ መዋጮ ከፍላ ሥራ አቆመች። በ1940 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያውን ወርኃዊ አበል ተቀበለች፤ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም። እስከዚያ ቀን ያዋጣችው በድምሩ 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ መዋጮዋ አልቋል ማለት ነው። ዕድሜዋ ግን ገና ነበር። በ1975 በ100 ዓመቷ ስታርፍ የወሰደችው 22,888 ዶላር ከ92 ሳንቲም ደርሶ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ያዋጣሽው ይኸውልሽ፣ ወለድም ጨምሬበታለሁ፤ ውሰጂና እንለያይ» ቢላት ኖሮስ?

የእሷ የመንግሥት ጡረታ ነበር። ሥርዓቱም ገና ጀማሪ ስለነበር ቀንቷታል፤ ሁሉም እንደ እሷ አይቀናውም። «ውሰድና እንለያይ» የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም በብዙ ሠራተኛ ፊት ይቀርባል። አንዳንዴ ሥራ ሲጀምር በሚሞላው ቅጽ ላይ፣ አንዳንዴ ሥራ ሲለቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው። ይህ ጽሑፍ ያንን ቅጽ ይዞ ግራ ለገባው ሰው ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ጥያቄዎቻችሁን ሳትይዙ ብሮሹር አታንብቡ። ብሮሹር ላይ ሁሉም ሽማግሌ ይስቃል።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ነገር ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? ጡረታ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሰው ከገንዘቡ በላይ ይኖራል። ዋጋ ይንራል። ገበያ ይወድቃል። ኩባንያ ይከስራል። እነዚህን የሚያጠፋ ዕቅድ የለም። አንዱ ዕቅድ አሠሪው ላይ ይጥላቸዋል፣ ሌላው ሠራተኛው ላይ፣ ሌላው ደግሞ ለሁሉም ያካፍላቸዋል። የዕቅዶቹ ልዩነት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ቀጥሎ የዋጋ ንረት። ብዙ ሰው አበሉ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን ግን አይጠይቅም። ዋጋ በዓመት 6 በመቶ ቢጨምር በ12 ዓመት ውስጥ ገንዘቡ የሚገዛው ዕቃ በግማሽ ይቀንሳል። ጭማሪው 10 በመቶ ከሆነ 7 ዓመት አካባቢ ይበቃዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ 72ን ለጭማሪው መቶኛ ማካፈል። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው 72 ሲሞላው፣ ቁጥሩ ሳይነካ የቆየ አበል በተግባር ግማሽ አበል ነው። ስለዚህ «አበሉ ከዋጋ ጋር ይስተካከላል? በሕግ ነው ወይስ በአሠሪው ደግነት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ሥራ መቀየር ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ቅጹን ሳላነብ ፈረምኩ። ከ2 ዓመት ከ8 ወር በኋላ የተሻለ ሥራ አገኘሁና ለቀቅኩ። ሂሳቤን ስጠይቅ የተሰጠኝ እኔ ያዋጣሁት ብቻ ነው። የአሠሪው መዋጮ የእኔ የሚሆነው 3 ዓመት ስሞላ ነበር፤ ቅጹ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። በ4 ወር አመለጠኝ። ማንም አልዋሸኝም። እኔው ነኝ ያላነበብኩት።

የቀሩትን ባጭሩ ልጥቀስ። ብሞት ባለቤቴና ልጆቼ ምን ያገኛሉ? በየዓመቱ ለአስተዳደር ስንት ይቆረጣል? ከጡረታ በፊት ማውጣት ይቻላል ወይ? የመጨረሻው ሲቻል ደስ ይላል፣ ግን ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንደኛው፦ በቀመር የሚሰላ ወርኃዊ አበል

ይህ አባቶቻችን «ጡረታ» የሚሉት ነው። አሠሪው ወይም ፈንዱ ቃል የሚገባው መዋጮውን ሳይሆን አበሉን ነው። ቀመሩ ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ይሠራል፤ የአገልግሎት ዘመን፣ ደመወዝ እና ለእያንዳንዱ ዓመት የሚሰጥ መቶኛ።

ምሳሌ እንውሰድ። ዕቅዱ ለእያንዳንዱ ዓመት ከደመወዝ 1 ስድሳኛ ይሰጣል እንበል። 30 ዓመት የሠራ ሰው 30 ስድሳኛ ማለትም ግማሽ ያገኛል። የመጨረሻ ደመወዙ 10,000 ከሆነ አበሉ 5,000 ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ።

አሁን አንድ ቃል ብቻ እንቀይር። «የመጨረሻ ደመወዝ» የሚለው «የአገልግሎት ዘመን አማካይ ደመወዝ» ይሁን። ሰውዬው በ2,000 ጀምሮ 10,000 የደረሰ፣ አማካዩም 6,000 ከሆነ አበሉ 3,000 ይሆናል። የድሮ ደመወዞቹ ለዋጋ ንረት ተስተካክለው ከተሰሉ ልዩነቱ ይጠባል፤ ካልተስተካከሉ ግን ያማል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «የእኛም ቀመር አንድ ስድሳኛ ነው» ቢባባሉ ገና አልተግባቡም።

የዚህ ዕቅድ ትልቁ ጥቅም ግልጽ ነው። ገበያ ቢወድቅ፣ እናንተም 97 ዓመት ብትኖሩ፣ ራስ ምታቱ የከፋዩ ነው።

ከፋዩ ራሱ ቢወድቅስ? ስቱድቤከር የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች በ1963 መጨረሻ የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን ዘጋ። የጡረታ ፈንዱ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። 60 ዓመት የሞላቸው ሙሉ አበላቸውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ዕድሜ የነበሩ 4,000 ያህል ሠራተኞች ከሚገባቸው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ደረሳቸው። ወጣቶቹ ባዶ እጃቸውን ወጡ። በ1974 የወጣው የአሜሪካ የጡረታ ሕግና በእሱ የተቋቋመው የጡረታ መድን ተቋም ከዚህ ታሪክ ጋር አብረው ይነሳሉ። በብሪታንያ ደግሞ የጋዜጣ ባለቤቱ ሮበርት ማክስዌል በ1991 ከሞተ በኋላ፣ ከኩባንያዎቹ የጡረታ ፈንዶች ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መጉደሉ ታወቀ።

ከዚህ ሁለት ጥያቄ ይወጣል። ፈንዱ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ፣ ኩባንያው በማያዝዝበት እጅ ተቀምጧል? ኩባንያው ቢከስር የሚተካ መድን አለ? መንግሥት ከፋይ ሲሆንም ዋስትናው ፍጹም አይደለም። ግሪክ ከ2010 ወዲህ በዕዳ ቀውሷ ጊዜ አበሎችን ደጋግማ ቀንሳለች።

ሌላው ድክመቱ ሥራ የሚቀያይር ሰውን አለመውደዱ ነው። አምስት ቦታ ስድስት ስድስት ዓመት የሠራ፣ አንድ ቦታ 30 ዓመት ከሠራው ያነሰ ያገኛል፤ የድሮዎቹ ስድስት ዓመታት የሚሰሉት በድሮ ደመወዝ ነውና።

ሁለተኛው፦ በስማችሁ የሚከፈት የመዋጮ ሂሳብ

እዚህ ቃል የሚገባላችሁ መዋጮው ነው፤ አበሉ አይደለም። እናንተ ትከፍላላችሁ፣ አሠሪው ይከፍላል፣ ገንዘቡ ቦንድና አክሲዮን ይገዛበታል። በጡረታ ቀን ሂሳቡ ላይ ያለው የእናንተ ነው። ጥሩ ከሆነ እሰየው። ካልሆነም የእናንተው ነው።

ዓለም ባብዛኛው ወደዚህ እየሄደ ነው። አውስትራሊያ በ1992 ግዴታ አድርጋዋለች፤ የአሠሪው መዋጮ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 12 በመቶ ደርሷል። ብሪታንያ ከ2012 ጀምሮ ሠራተኛው ራሱ አልፈልግም ብሎ ካልወጣ በቀር አሠሪው እንዲያስመዘግበው አደረገች፤ ዝቅተኛው መዋጮ በድምሩ 8 በመቶ ነው። ናይጄሪያ በ2014 ሕጓ 10 በመቶ ከአሠሪ፣ 8 በመቶ ከሠራተኛ ታስከፍላለች።

እዚህ ዕቅድ ላይ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ብትይዙ ይበቃል።

የመጀመሪያው የአሠሪው ድርሻ ነው። «እናንተ 5 ካዋጣችሁ እኛም 5 እንጨምራለን» የሚል አሠሪ ካለና እናንተ 3 ብቻ የምታዋጡ ከሆነ፣ የደመወዛችሁን 2 በመቶ በየወሩ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ እየወጣችሁ ነው። ሌላ ቁጠባ ከማሰባችሁ በፊት ይህንን ሙሉ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በዓመት 5 በመቶ ትርፍ፣ እኩል መዋጮ፣ ጡረታ በ60 እንበል። በ25 ዓመቱ የጀመረው፣ በ35 ከጀመረው እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ገንዘብ ይኖረዋል። ልዩነታቸው 10 ዓመት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክፍያው ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አያይም። በወር 1,000 ለ40 ዓመት አዋጡ። በዓመት 5 በመቶ ሲያተርፍ መጨረሻው ወደ 1,450,000 ይደርሳል። አስተዳዳሪው በዓመት 1 በመቶ ቆርጦ የተጣራው 4 በመቶ ቢሆን 1,140,000 ይሆናል። 310,000 ያህል፣ ማለትም ከአምስት እጅ አንዱ፣ በዚያች «አንድ በመቶ ብቻ» በተባለችው ሄደ። ሻጩ «አንድ በመቶ ብቻ» ሲላችሁ ይህን ሒሳብ አስታውሱ።

የዚህ ዕቅድ ዋናው አደጋ ዓይን ውስጥ የማይገባ ነው። ቺሊ በ1981 የጡረታ ሥርዓቷን ወደ ግል ሂሳብ አዞረች፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 10 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ምንም። ወታደሩና ፖሊሱ በድሮው ቀሩ። (ይህች ነገር እኔን ሁልጊዜ ታስቀኛለች። ምግቡን ያበሰለው ሰው ካልቀመሰው ጠርጥሩ።) ሥራ እየፈቱ እየገቡ፣ ያለ ውል እየሠሩ መዋጮአቸው የተቆራረጠባቸው ብዙ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ እጃቸው ላይ ትንሽ ሆነ። መንግሥት በ2008 የድጎማ አበል ጨመረ፤ በ2025 ደግሞ የአሠሪ መዋጮ የሚጨምር ሕግ ወጣ። የግል ሂሳብ የሚሠራው ሲሞላ ነው።

ሌላው ስህተት ሁሉንም አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ2001 ሲከስር፣ የሠራተኞቹ የጡረታ ሂሳብ ከግማሽ በላይ በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ነበር የተያዘው። በአንድ ወቅት ከ80 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ሥራቸውም ጡረታቸውም አብረው ሄዱ። ደመወዝ የሚከፍላችሁን ኩባንያ በጡረታ ገንዘባችሁ ደግማችሁ አትግዙት።

ሦስተኛው፦ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ አንዴ የሚሰጥ ጠቅላላ ገንዘብ

መዋጮው ሁለተኛውን ይመስላል፤ አወጣጡ ግን ይለያል። ሥራ ሲለቀቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ ሁሉም በአንዴ ይሰጣል።

ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። ገንዘቡ ይታያል። ይቆጠራል። ቤት ይጨርሳል፣ ልጅ ያስተምራል። በአሠሪው ወይም በመንግሥት የማይተማመን ሰው «በእጄ ያለው ይሻለኛል» ቢል አይፈረድበትም።

ግን አንድ ሒሳብ እንሥራ። 600,000 ተቀበላችሁ። ብዙ ይመስላል። በዓመት 4 በመቶ እየቀነሳችሁ ብትኖሩበት በወር 2,000 ነው። አሁን ቁጥሩ ሌላ መልክ አለው፣ አይደል? ደግሞ ገንዘቡ ሲወጣ ወሬውም አብሮ ይወጣል። በዚያ ሳምንት «አንድ ጥሩ ሥራ አለ» የማይል ዘመድ የለም።

ሥራ በተቀየረ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ባሰ። በ28፣ በ34 እና በ41 ዓመቱ ሦስቴ ያወጣ ሰው በ60 ዓመቱ የሚያወጣው የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ ነው። ቺሊ በኮቪድ ጊዜ ሦስት ዙር ማውጣት ፈቀደች፤ የብዙ ሰዎች ሂሳብ ባዶ ቀረ።

ሲንጋፖር ፕሮቪደንት ፈንዷን በ1955 ስትጀምር የቁጠባ ገንዘቡ በአንዴ ይወጣ ነበር። በ1987 ዝቅተኛ መጠን ሂሳቡ ውስጥ እንዲቀር አዘዘች። በ2009 ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚከፍል ዕቅድ ጨመረች። ፕሮቪደንት ፈንድን ከማንም በተሻለ ያስተዳደረች አገር ቀስ በቀስ ወደ ወርኃዊ አበል መዞሯ ለእኔ በቂ ምስክር ነው።

አራተኛው፦ ቅይጡ

መዋጮው እንደ ሁለተኛው የተወሰነ ነው፤ ገንዘቡ ግን በጋራ ይቀመጣል፣ አበሉም ዕድሜ ልክ ነው። ገበያ ሲወድቅ የሁሉም ሰው አበል ትንሽ ይቀነሳል፣ ሲነሳ ይጨመራል። ኔዘርላንድስ የሥራ ቦታ ጡረታዋን በ2023 ባወጣችው ሕግ ወደዚህ መንፈስ እያዞረች ነው፤ የመሸጋገሪያው ማብቂያ 2028 ነው። በብሪታንያ የመጀመሪያውን የጋራ ፈንድ የፖስታ ድርጅቱ ሮያል ሜይል በ2024 ጀምሯል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ብዙ ቦታ ስለማይገኝ ግን አልረዝምበትም።

ሠንጠረዡ

| መመዘኛ | ወርኃዊ አበል በቀመር | የግል ሂሳብ | ፕሮቪደንት ፈንድ | ቅይጥ |
|---|---|---|---|---|
| የሚታወቀው ምንድን ነው? | አበሉ | መዋጮው | መዋጮው | መዋጮው |
| እስከ መቼ ይከፈላል? | ዕድሜ ልክ | እስኪያልቅ | አንዴ ብቻ | ዕድሜ ልክ |
| ገበያ ቢወድቅ ኪሳራው የማን ነው? | የከፋዩ | የእናንተ | ብዙ ጊዜ የእናንተ | የሁሉም |
| የዋጋ ንረት | ውሉ ላይ ከተጻፈ ይስተካከላል | በትርፉ ይወሰናል | ከተቀበላችሁ በኋላ የእናንተ ጣጣ | ፈንዱ ሲያገኝ ይስተካከላል |
| ሥራ ቢቀየር | ይጎዳል | አብሮ ይሄዳል | ወጥቶ ይበላል | በሕጉ ይወሰናል |
| ብትሞቱ | ለተተኪ ከፊል አበል | የቀረው ለወራሽ | የቀረው ለወራሽ | ብዙ ጊዜ ለተተኪ ከፊል አበል |
| ትልቁ ስጋት | የከፋዩ መክሰር | ትንሽ መዋጮ፣ ትልቅ ክፍያ | ቶሎ ማለቅ | የአበል መቀነስ |

መውጫው ላይ

የግል ሂሳብ ወይም ጠቅላላ ገንዘብ ካላችሁ በጡረታ ቀን ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል። ገንዘቡን ለመድን ድርጅት ሰጥቶ ዕድሜ ልክ ወርኃዊ ክፍያ መግዛት ነው አንዱ። ሌላው ራስ ይዞ እየቀነሱ መኖር ነው።

የሁለተኛው ታዋቂ መለኪያ 4 በመቶ ነው። አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊልያም ቤንገን በ1994 ያወጣው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ ማውጣት፣ ከዚያ በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ መጨመር። በአሜሪካ የገበያ ታሪክ ቢያንስ 30 ዓመት ቆይቷል። ሌላ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው እንደ መነሻ ይየው እንጂ እንደ ሕግ አይያዘው። ለምሳሌ ገበያው የወደቀው ጡረታ በወጣችሁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ከሆነ፣ ከሃያኛው ዓመት ይልቅ እጅግ ይጎዳል። በወደቀ ዋጋ እየሸጣችሁ ትበላላችሁና።

የእኔ አቋም፦ ለቤት፣ ለምግብና ለመድኃኒት የሚበቃው ዕድሜ ልክ ከሚከፈል ምንጭ ይምጣ፤ የቀረው በእጅ ይሁን። የዕድሜ ልክ ክፍያ ስትገዙ ግን ከዋጋ ጋር ማደጉን ጠይቁ፤ ለትዳር አጋራችሁ መቀጠሉንም እንዲሁ። ሁለቱም መነሻ ክፍያውን ይቀንሱታል። ቢሆንም ይጠየቃሉ።

ለማን የትኛው?

*አንድ ቦታ ረጅም የምትቆዩ፣ አሠሪያችሁም ጽኑ ከሆነ፦* ወርኃዊ አበሉን አትልቀቁ። በተለይ ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ከሆነ። «ወደ ግል ሂሳብ እናዙራችሁና ጉርሻ እንስጣችሁ» ሲሏችሁ ለምን እንደሚከፍሏችሁ አስቡ።

*ወጣትና ሥራ ቀያሪ ከሆናችሁ፦* የግል ሂሳብ ይሻላል። ክፍያው ትንሽ የሆነና ገንዘቡን ብዙ ቦታ የሚበትን ፈንድ ምረጡ። ሥራ ስትለቁ ገንዘቡን አዛውሩት፤ አታውጡት።

*ደመወዛችሁ ትንሽ ከሆነ፦* መጀመሪያ የግዴታውን ጡረታ አጥብቃችሁ ያዙ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1952 ያወጣው 102ኛው ስምምነት ለ30 ዓመት ላዋጣ ሰው የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ አበል ከቀድሞ ገቢ 40 በመቶ ነው። የእናንተ ቀመር ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሌላ ምንጭ እንደሚያስፈልጋችሁ ከአሁኑ እወቁት። «ደመወዜ በሙሉ ይሰጠኝ፣ ጡረታ አይቆረጥብኝ» የሚል ስምምነት ውስጥ ግን አትግቡ። የአሠሪውንም ድርሻ ነው የምትተዉለት።

*ከባድ ሕመም ወይም ወለዱ የሚያንቅ ዕዳ ካለባችሁ፦* ጠቅላላ ገንዘቡ ትርጉም አለው። ዕዳው በዓመት 18 በመቶ እየወለደ ሂሳባችሁ 5 በመቶ ቢያተርፍ ሒሳቡ ግልጽ ነው።

*ትዳር አጋራችሁ በእናንተ ገቢ የምትኖር ወይም የሚኖር ከሆነ፦* ቅጹን ብቻችሁን አትሙሉ። «የትኛው ወርኃዊ ይበልጣል» ብሎ ብቻ የመረጠ ሰው፣ የመረጠው ዕቅድ ሲሞት አበሉ አብሮት የሚቀበር ዓይነት ሊሆን ይችላል። በተጠቃሚ ስም ላይ ደግሞ የድሮ ስም እንዳልቀረ እዩ።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ሥራ ይቀራል። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ «ጡረታ» ተብሎ የተቆረጠውን ቁጥር ያዙ። በዓመት አንዴ ከፈንዱ የሂሳብ መግለጫ ጠይቁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ወር በወር አመሳክሩ። ከደመወዝ ተቆርጦ ወደ ፈንዱ ያልገባ መዋጮ አለ፤ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው፣ ያኔ ደግሞ የሒሳብ ሹሙ ሦስቴ ተቀይሯል። የጎደለ ወር ካገኛችሁ በቃል አትጠይቁ። በደብዳቤ ጻፉ፣ ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ፣ የደመወዝ ወረቀቱንም አብራችሁ አስቀምጡት።